አፏን ግጥም አድርጋ

ላምቤቦ ማለዳ ከሱቄ ደጅ መጣ፣
ባጃጁ ሲያስነጥስ፣ ጢሱን እያወጣ።
"ጥቅስ ጻፍልኝ" አለኝ፣ "ከኋላዋ ሸራ፤
ስለ ምቀኛማ፣ ስለ ጊዜ ጀግና
ሰው ሁሉ ጽፎታል ከአቶቴ እስከ ቄራ።
የኔ ለየት ይበል፣ አፍ የሚያስይዝ ነገር፤
ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን ትቶ
ቆሞ የሚነጋገር።"

ግማሹን ከፈለኝ፤ ግማሹን ለማታ።
ቀለሜን ከድኜ፣ ቃል ፍለጋ ብዬ
ወረድኩ በዝግታ።

አሞራ ገደል ላይ፣ ከዓሣው ገበያ፣
አባ ኮዳ ቆሟል፤ ካባውን ደርቦ፣ መላጣውን ገልጦ፣
ጡረታ የወጣ የይግባኝ ዳኛ ነው፣ ችሎት የሌለው ያ።
ነጭ ካልሲ አጥልቋል እስከ ጉልበቱ ድረስ፤
ስንት ዓመት ሳየው ተፈጥሮ ያደለችው
መስሎኝ ነበር ልብስ።
ለካስ በገዛ ኩሱ ነው እግሩን የሚቀባው፣
ፀሐይ ስትበረታ እንዲያቀዘቅዘው።
"የሙያ ባልደረባህ ነው" አለኝ ሌዳሞ እየሳቀ፣
"ያንተ ከቆርቆሮ፣ የሱ ቀለም ግን
ከሆድ የፈለቀ።"

ሌዳሞ ጠዋት ዓሣ ይገፋል፤
ከሰዓት ደብተሩን ይዞ፣ እጁ ሎሚ ሎሚ እየሸተተ፣
ዩኒቨርሲቲ ይገባል።
እሱ የማያውቀው የለም።
"ጥቁር ውሃ ወንዙ ሌት ተቀን ይገባል፤
ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ አይተህ ታውቃለህ?
ውጦ ዝም ይላል።"
ከሐይቁ ወደ ቆጮ ዘለለ፦
"ሙዝ ይመስላል እንጂ ሙዝ አይደል እንሰቱ፣
ፍሬው ሳይሆን ግንዱ ነው፣ ሥሩ ነው ምግብነቱ፤
ጉድጓድ ተቀብሮ፣ ከርሞ ነው ሚበላው፤
ይህስ አይጻፍም ወይ?"
አይጻፍም አልኩት፤
ስለ ቀብር እያነበበ ማን ባጃጅ ይሳፈራል?

ከዚያ አንዷን ቆሮሶ ከክምሩ አነሳ።
ጉንጯ የተነፋ፣
አማቷ ፊት እንደተቀመጠች ምራት
አፏን ግጥም ያደረገች ዓሣ።
በአውራ ጣቱ ፈለቀቀው።

ዓይን። ዓይን። ዓይን።
ከጤፍ ከፍ፣ ከምስር ዝቅ የሚሉ፣
ጭራ ያበቀሉ፣
ምላሷ ላይ የሚተራመሱ ልጆች።

"እናት ናት" አለ፤ ድምፁ ወረደ።
"እዚሁ ትፈለፍላለች። እዚሁ ታሳድጋለች።
እስኪጠነክሩ እህል አትቀምስም።
ሌሎቹ መረብ ሲነካቸው ይተፏቸዋል።
ይቺ አልተፋችም።"

እጄን በአፌ ጫንኩ።

የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ፣
ልጆቹን ገልብጦ፣ ወደ ዳር ወሰዳቸው።
ዳኛው ካባውን አራግፎ ተከተለው።
ስንቱ እንደተረፈ አላየሁም።
እናትየዋ ግን በቃሪያ፣ በሎሚ፣
ሾርባ ሆና ፊቴ ቀረበች።
ልዋሽ አልፈልግም፤
ጣፈጠችኝ።

ከሰዓት ሸራው ላይ አንዲት ዓሣ ሣልኩኝ፤
ጉንጯን በሰማያዊ፣ ዓይኗን በቢጫ፤
ፊደል አልጨመርኩኝ።
ላምቤቦ ዞራት፣ በቀኝ እና በግራ፣
ብድር እንደሚጠይቁት ሰው ፊቱን አኮሳትሮ፣
ጣቱን ወደ ባዶው ሸራ።
"ጽሑፉስ?"
"አፏን ግጥም አድርጋለች" አልኩት፣
"ግጥም ከፈለግህ።"

አሁን መናኸሪያ በር መንገዱ ሲዘጋ
ሾፌር ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ይጠይቀዋል።
ለአንዱ፣ "የስለት ናት" ይላል።
ለአንዱ፣ "ሚስቴ ናት፣ ስታኮርፍ።"
የትራፊክ ፖሊሱን፣ "ምስክር ናት" ብሎት
ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አሳለፈው አሉ።

ያቺ የማታዋ ግማሽ ሂሳብ ግን
ይኸው ሁለት ክረምት፣ አልመሸላትም።
ባገኘሁት ቁጥር፣ "ላምቤቦ፣ ቀሪዋስ?" እለዋለሁ፤
ጉንጩን ነፋ ያደርጋል፣
ከንፈሩን ይገጥማል፣
ማርሽ ይቀይራል።
ስድስት ናቸው አሉኝ፤
ታላቅየዋ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገባች።
እኔም አልጎተጉተው።
አፉን ቢከፍት
ማን ማን እንደሚወድቅ አላውቅም።